እስከ ሰመራ የዘለቀ የፍሬን ሙከራ

ለአስረሳች ጋራዥ መካኒኮችና ጎሚስታዎች፣ ለተከበራችሁ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ ለአጥር ጎረቤቶቻችን፣ እንዲሁም በኮምፕረሰሩ ጥላ ሥር ለምትውሉ ፍየሎች በሙሉ፦ ከዛሬ ረቡዕ ጠዋት ጀምሮ በጋራዡ ቢሮ ግድግዳ ላይ አንድ ነጭ ሰሌዳ፣ ከሦስት ባለቀለም እስክሪብቶና ከአንድ ማጥፊያ ጋር የተሰቀለ መሆኑን ስንገልጽ ታላቅ ኩራት ይሰማናል። ሰሌዳውን መደገፍ፣ በላዩ ላይ ስልክ ቁጥር መጻፍና ግራሶ የነካው እጅ መጥረግ በጥብቅ የተከለከለ ነው።

ማስታወቂያውን የጻፈው አቤሴሎም ነበር። አቤሴሎም የጋራዡ ባለቤት የወይዘሮ አስረሳች የእህት ልጅ ነው፤ የማኔጅመንት ዲግሪ አለው፤ አክስቱም ሥራ አስኪያጅ ብላ ሾማዋለች። ሰሌዳው ከመሰቀሉ በፊት በነበረው ሳምንት ሰመራ ሄዶ ስለ ሥራ ቅደም ተከተልና ጊዜ አጠቃቀም የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ተመልሷል። ሥልጠናው የተሰጠው ማቀዝቀዣው ሰልጣኙን ጃኬት በሚያስለብስ አዳራሽ ውስጥ ነው። ይህ ይታወቅልን፤ ከዚያ በኋላ ከመጣው ጣጣ ግማሹ የዚያ ማቀዝቀዣ ነው።

ሰሌዳው በአራት ሳጥን ተከፍሏል። አንደኛው «አስቸኳይም አስፈላጊም»፣ ሁለተኛው «አስፈላጊ፣ ግን የማያስቸኩል»፣ ሦስተኛው «አስቸኳይ፣ ግን የማያስፈልግ»፣ አራተኛው «የማያስቸኩልም የማያስፈልግም»። ወደ ጅቡቲ የሚወርድም ሆነ ከጅቡቲ የሚወጣ፣ አዋሽ ላይ የታመመ መኪና ሁሉ ከአራቱ በአንዱ መግባት አለበት። አንድ ጎሚስታ «የማያስፈልግ ነገር እንዴት ነው የሚያስቸኩለው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አቤሴሎም «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለና የጥያቄ ሰዓት ገና ስለነበር ሳይመልስለት አለፈ።

ከዚያ በፊት ጋራዡ ሕግ አልነበረውም ማለት አይደለም። ነፍስ ያለው ጭነት ይቀድማል፤ በሬና ፍየል የጫነ ሰልፍ አይጠብቅም። ቀጥሎ የሚበላሽ ነገር የጫነ፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም። ቀጥሎ ብረትና ሲሚንቶ። ባዶ መኪና መጨረሻ ነው፤ ሾፌሩ ሰው የሚወደው ከሆነ ግን እሱም በመሐል ሾልኮ ይገባል። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ስለዚህ የጠፋበት ሰው አልነበረም።

አቤሴሎም ግን በሰሌዳው ብቻ አላበቃም። «ወርቃማ ሰዓታት» የሚል ነገር ይዞ መጥቷል። ሰው አእምሮው ንቁ በሚሆንበት በእኩለ ቀን፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ፣ ከባድ ከባዱ ሥራ ይሠራል። አዋሽን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ማረፍ ይኖርበታል። አዋሽ ላይ በእኩለ ቀን ብረት ይናከሳል። መካኒክ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገብቶ አራት ሰዓት ላይ ቁልፉን ያስቀምጣል፤ ከተሳቢ ሥር ካርቶን አንጥፎ ይተኛል፤ አሥር ሰዓት ላይ ይነሣና እስኪመሽ ይሠራል። በሰሌዳው መሠረት ግን ወርቃማው ሰዓት ሲደርስ ሁሉም ከካርቶኑ ተነሥቶ ሞተር እንዲያወርድ ታዘዘ። ሁሉም ተነሡ፤ ሞተሩ አጠገብ ቆሙ፤ ሞተሩን አዩት፤ ሞተሩም አያቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን «አእምሯችን ነቅቷል፣ እጃችን ግን አልተስማማም» አሉና ተመለሱ።

የጋራዡ ዋና መካኒክ ገብሩ ይባላል። ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ሥራውን በአሮጌው ባቡር ወርክሾፕ የተማረ፣ አንድ ነገር ሁለቴ የማይናገር ሰው ነው። ሚስቱ ባይሽ በዚያው ረቡዕ በሌሊቱ አውቶቡስ ዳቦዋን በሻሽ ጠቅልላ፣ የባሏን ኮት በክንዷ ይዛ ወደ ሰመራ ሄዳለች። አንድያ ልጃቸው ኮከብ፣ ሰመራ ካለ አንድ የግል ኮሌጅ በነርስነት ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ትመረቃለች። ገብሩ የልጁን የስምንተኛ ክፍል ሽልማት በአንድ ተሳቢ ምክንያት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መሰናበቻዋን በሌላ ተሳቢ ምክንያት አላየም። ለዚህኛው እንደሚደርስ ለባይሽ ቃል ገብቷል። ባይሽም «ካልመጣህ ኮቱን ለሌላ ሰው ነው የማለብሰው» ብላ ሄዳለች።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ገባ።

«አቤሴሎም፣ ነገ ፈቃድ እፈልጋለሁ።»

«ለምን ጉዳይ፣ ጋሽ ገብሩ?»

«ኮከብ ቅዳሜ ትመረቃለች። ሰመራ።»

«እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ።» አቤሴሎም ወደ ሰሌዳው ዞረና አገጩን ያዘ። «ይኼ በጣም አስፈላጊ ነው። ግን ልብ ብለህ ካየኸው አያስቸኩልም። ሁለተኛው ሳጥን ነው። ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ላለ ነገር ደግሞ ቀን ይያዝለታል።»

«ቀኑማ ተይዟል። ቅዳሜ ነው።»

«በእኛ በኩል ማለቴ ነው። ፈቃድ ከሰባ ሁለት ሰዓት በፊት በጽሑፍ ይጠየቃል።»

«ሕጉ መቼ ወጣ?»

«ትናንት።»

«ከትናንት እስከ ነገ ስንት ሰዓት ነው?»

አቤሴሎም በጣቱ ቆጠረ። «አርባ ስምንት።»

«ታዲያ እንዴት አድርጌ ነው የምጠይቀው?»

«እሱ የሽግግር ወቅት ችግር ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን። ደግሞ ነገ አንደኛው ሳጥን ሙሉ ነው፤ አንተ ከሌለህ ማን ይነካዋል? ምክንያትህን ዘርዝረህ ጻፍልኝና እስቲ ወደ አንደኛው ሳጥን የሚያስገባ ነገር ካለው እንይ።»

ገብሩ ሰሌዳውን አየ፤ አቤሴሎምን አየ፤ ወጣ። አልጻፈም።

ዓርብ ጠዋት ሙሐመድሰዒድ ፍሬኑ እያፏጨ ግቢ ገባ። ሙሐመድሰዒድ የገዋኔ አፋር፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ባዶ መኪና ይዞ ወደ ጅቡቲ እየወረደ ነበር። ከገብሩ ጋር የሚተዋወቁት ሁለቱም ፀጉር በነበራቸው ጊዜ ነው።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካወጣኸኝ ይዤህ እሄዳለሁ» አለው። «ሳይጨልም ገዋኔ እገባለሁ፤ እቤቴ ታድራለህ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥተን ኢንሻአላህ ሦስት ሰዓት ሰመራ ነን። አሥር ሰዓት ካለፈ ግን አልንቀሳቀስም፣ እዚሁ ነው የማድረው። ማታ ግመሉ አስፋልት ላይ ነው የሚተኛ። ይሞቀዋል።»

«ዘጠኝ ሰዓት ትወጣለህ» አለ ገብሩ።

ሙሐመድሰዒድ ለመመዝገብ ቢሮ ገባ። አቤሴሎም ጭነቱን ጠየቀው። ምንም እንደሌለው ነገረው። አቤሴሎም አረንጓዴ እስክሪብቶ አነሣና አራተኛው ሳጥን ውስጥ ጻፈው፦ ቅዳሜ፣ አሥር ሰዓት።

«የማያስቸኩልም የማያስፈልግም» ብሎ አነበበ ሙሐመድሰዒድ። «እኔን ነው?»

«መኪናውን ነው።»

«መኪናው ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ ወንድሜ።»

«ባዶ መኪና ምን ያስቸኩለዋል?»

«ወላሂ ይኼን ለሚስቴ ንገርልኝ» አለና ለጁምዓ ሶላቱ ሊዘጋጅ ሄደ።

ገብሩ እስከ አራት ሰዓት አንደኛውን ሳጥን ሠራ። አራት ሰዓት ላይ ሌሎቹ ካርቶናቸውን አነጠፉ፤ እሱ ቁልፎቹን ውኃ በሞላው ባልዲ ውስጥ ነከረና ከሙሐመድሰዒድ መኪና ሥር ገባ። አንዱን ቁልፍ ሲያወጣ ሌላውን ይነክራል፤ ውኃው ራሱ ሻይ እስኪፈላበት ድረስ ሞቀ፤ ለወጠው። የስድስቱን ጎማ የፍሬን ሸራ አንድ በአንድ ፈታ፣ ሁለቱን ቀየረ፣ አራቱን አስተካከለ። በሰባት ሰዓት ተኩል ጃንጥላ ይዞ ግቢውን የሚዞረው አቤሴሎም ከመኪና ሥር የወጡ ሁለት እግሮች አየና እጅግ ደስ አለው። ወርቃማው ሰዓት በመጨረሻ ሰው አገኘ። ፎቶ አነሣና ለአክስቱ ላከ፤ ከሥሩ «የለውጡ ፈር ቀዳጅ» ብሎ ጻፈበት። የትኛው መኪና እንደሆነ ግን አልጠየቀም፤ በዚያ ሰዓት ሰሌዳው ላይ የተጻፈለት መዞር እንጂ መጠየቅ አልነበረም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ገብሩ ቢሮ ገባና ወረቀት አቀረበ። ፍሬኑ የተሠራ መኪና ከመውጣቱ በፊት መካኒኩ አብሮ ሄዶ መንገድ ላይ ይሞክረዋል፤ አዋሽ አርባ ደርሶ መመለስ ነው፤ ድሮም የነበረ ነው። አዲሱ ነገር ቅጹ ነው። አቤሴሎም ለፊርማ የተመደበለት ሁለት ደቂቃ ነበር፤ ፊቱ አሥራ አንድ ወረቀት ተደርድሯል። ሁሉንም ፈረመ። ከዚያም ሰሌዳውን አየና «ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ከሃያ፣ የጥራት ክትትል። አብሬያችሁ ነኝ» አለና ተከትሎ ወጣ።

ገብሩ ይህን አላሰበበትም። ከሙሐመድሰዒድ ጋር ተያዩ። ሙሐመድሰዒድ ትከሻውን ነቀነቀና የጋቢናውን በር ከፈተ። አቤሴሎም መሐል ተቀመጠ።

አዋሽ አርባ ደረሱ። አቤሴሎም ሰዓቱን አየ። «በጣም ጥሩ። እዚህ ጋ ነው የሚዞረው አይደል?»

«ፍሬኑ አልሞቀም» አለ ገብሩ።

«ሳይሞቅ አይሞከርም?»

«አይሞከርም።»

ይህ እውነት ነው፤ ማንም መካኒክ ጠይቁ። ሌላ ሃያ ደቂቃ ሄዱ። አቤሴሎም «አሁንስ?» አለ። ገብሩ «አሁን ሞቋል» አለ። «ታዲያ?» ሲለው «አሁን ደግሞ ይቀዝቀዝ» አለ።  ሙሐመድሰዒድ በአፍንጫው ሳቀ።

«ወዴት ነው የምንሄደው?»

«ሰመራ» አለ ሙሐመድሰዒድ። «አልነገሩህም እንዴ?»

አቤሴሎም ወደ ገብሩ ዞረ። «ጋሽ ገብሩ፣ ይኼ ምን ይባላል?»

«ሙከራ።»

«ሦስት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ሙከራ?»

«ፈርመሃል።»

አቤሴሎም ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። «የሙከራው ርቀት» በሚለው መሥመር ላይ ገብሩ ባቡር ወርክሾፕ በተማረው የሚያምር እጅ ጽሕፈቱ «እስኪያስተማምን ድረስ» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ያለችው ፊርማ የራሱ የአቤሴሎም ናት፤ ጅራቷ ሳይቀር።

«አቁም፤ እወርዳለሁ» አለ።

ሙሐመድሰዒድ አቆመ። ገብሩ በሩን ከፈተና ወርዶ መንገድ ለቀቀለት። ውጭ «ወያኔ» የሚሉት እሾሃም ዛፍ፣ አቧራና ሙቀት ነበር፤ ከእነዚህ ውጭ ሌላ ነገር አልነበረም። ወርቃማው ሰዓት ካለቀ ቆይቷል፤ ፀሐይዋ ግን ሰሌዳውን አላየችም። አቤሴሎም አንድ እግሩን አወረደ፤ መልሶ ሰበሰበው።

«ገዋኔ ላይ ተመላሽ መኪና አገኛለሁ» አለ።

«ታገኛለህ» አለ ሙሐመድሰዒድ። «ነገ።»

ገዋኔ የገቡት ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው ሾፌር ሁሉ መኪናውን አቁሞ ሽርጡን አገልድሟል። አቤሴሎም አንድ በአንድ ጠየቃቸው፤ ሁሉም «ነገ» አሉት። ወደ አክስቱ ደወለ፤ ኔትወርክ የለም። ቢሮው የተቆለፈበት ቁልፍ ኪሱ ውስጥ መሆኑን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። በሙሐመድሰዒድ ግቢ ውስጥ አልጋ ተሰጠው፤ ተቀመጠበትና እንደ ተቀጣ ተማሪ አንገቱን ደፋ።

ጠዋት ግን አንድ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። ገብሩና ሙሐመድሰዒድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲወጡ አቤሴሎም ጋቢናው ውስጥ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ወደ አዋሽ የሚመለስ መኪና ተነሥቶ ሄዷል፤ እሱ አልሄደም። በስልኩ ላይ ያዘጋጀውን ሰንጠረዥ አሳያቸው፦ ከገዋኔ ሚሌ፣ ከሚሌ ሎግያ፣ ከሎግያ ሰመራ፣ እያንዳንዱ በደቂቃ። አንዳንድ ሰው መሬት ላይ የወደቀ ገመድ አይቶ ሳይጠቀልለው ማለፍ እንደሚያቅተው ሁሉ፣ አቤሴሎምም የቀጠሮ ሰዓት አይቶ ዝም ማለት አይችልም።

«ካልቆምን ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ እንደርሳለን» አለ። «ካልቆምን ብቻ።»

«አንቆምም» አለ ሙሐመድሰዒድ።

ሚሌ አቅራቢያ ቆሙ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን በትከሻቸው አጋድመው በመንገዱ ዳር ይሄዱ ነበር። ሙሐመድሰዒድ ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ሳያፏጭ ቀጥ አለ፤ ገብሩ በልቡ ተደሰተ። ሾፌሩ ወረደ፤ እጅ ለእጅ ተሳሳሙ፤ ከዚያም ቁጢጥ ብለው በአፋርኛ ይነጋገሩ ጀመር።

«ምን እያደረገ ነው?» አለ አቤሴሎም።

«ዳጉ ነው» አለ ገብሩ። «ወሬ መለዋወጥ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሰማ ሳይነጋገር አይለያይም።»

«በስልክ አይሆንም?»

 ገብሩም ሰዓቱን እያየ ነበር። አቤሴሎም ይህን አየና ስልኩ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ ዘጋ።

ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ሙሐመድሰዒድ ተመልሶ ሞተሩን አስነሣ።

«ምን አሉ?» አለ አቤሴሎም።

«ሰላም ነው አሉ።»

«ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ፣ ሰላም ነው ለማለት?»

«አንተ ሰው ሰላም ነው ሲልህ ዝም ብለህ ታምናለህ?»

ኮሌጁ በር ላይ ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። በሩ ተዘግቷል። ከውስጥ የድምፅ ማጉያ ጉርምርምታ ይሰማል። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ወጣት አፋር ነው፤ ገብሩን ከራሱ እስከ እግሩ አየው። ገብሩ የወጣው ለሙከራ ስለሆነ ያው በቱታው ነው፤ ንጹሕ ሸሚዙ አዋሽ ቁምሣጥኑ ውስጥ ቀርቷል።

«ጋራዡ ወዲያ ነው፣ አባት» አለው ጥበቃው።

«ልጄ ውስጥ ናት።»

«ካርድ?»

«ካርዱ ሚስቴ ጋ ነው። እሷም ውስጥ ናት።»

«በሩ የሚዘጋው ሦስት ሰዓት ነው። ሰዓት አልፏል።»

«ሃያ ደቂቃ ነው ያለፈው» አለ አቤሴሎም።

«ሃያም ቢሆን አልፏል። ሰዓት ሰዓት ነው። እኔ እዚህ የቆምኩት ሰዓት ለማክበር ነው።»

አቤሴሎም አፉን ከፈተ። ይህችኑ «ሰዓት ሰዓት ነው» የምትል ቃል በዚህችው ከተማ ባለፈው ሳምንት በደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮባት ነበር። አፉን ዘጋ። ከዚያ ደግሞ ከፈተውና «እባክህ ወንድሜ፣ ይኼ ሰውዬ በእኩለ ቀን ፀሐይ...» ብሎ ጀመረ፤ መጨረሻው ግን ጠፋበት፤ በዚያ ፀሐይ ገብሩን ያየው ፎቶ ሊያነሣው ብቻ ነበርና።

መኪናውን ጥግ አስይዞ የመጣው ሙሐመድሰዒድ ወደ ጥበቃው ቀረበና እጁን ዘረጋ። ጥበቃው የተዘረጋ እጅ መመለስ አልቻለም። ተሳሳሙ። ዳጉ ተጀመረ። አቤሴሎም በሁለት እጁ ራሱን ያዘ፤ ገብሩ ግንቡን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ሙሐመድሰዒድ ከገዋኔ ጀመረ፤ ዝናቡን፣ ከብቱን፣ ሚሌ ላይ ያገኙትን ሽማግሌ፣ ስለ ገብሩም መንገድ ላይ የሰማውን ሁሉ ተናገረ። ጥበቃው በተራው ከንጋት ጀምሮ በበሩ ላይ ያየውን ሁሉ ዘረዘረ። ሙሐመድሰዒድ በመሐል ሳቁ መጣበት።

«ምንድነው?» አለ አቤሴሎም።

«የክብር እንግዳው አልመጡም። ተመራቂዎቹ ገና ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ነው ያሉት። የሚጀመረው አምስት ሰዓት ላይ ነው ይላል።»

«ታዲያ በሩን ለምን ዘጋው?»

ሙሐመድሰዒድ ጠየቀለት። ጥበቃው በአማርኛ መለሰ፦ «በሩ ሦስት ሰዓት ይዘጋል ነው ያሉኝ። ፕሮግራሙ ሦስት ሰዓት ይጀመራል አላሉኝም።» ከዚያም ገብሩን አየ፤ በሩንም በትንሹ ከፈተለት። «ግባ፣ አባት። በጎን ግባ።»

ባይሽ ወንበር ይዛ ጠብቃዋለች። ቱታውን አየች፤ ኮቱን ከላይ አለበሰችው። እንግዳው አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ መጡ፤ ስለ ጊዜ ዋጋ አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ገብሩን ተከትሎ የገባው አቤሴሎም በግድግዳው ጥግ ቆሞ ንግግሩን ሲሰማ አንድም ቃል አልጻፈም። ተመራቂዎች በየተራ ሲጠሩ ስልኩ ጮኸ። ወይዘሮ አስረሳች ናት።

«የት ነው ያላችሁት? ቢሮው ተቆልፏል፤ አሥራ አራት መኪና ቆሟል፤ ገብሩ የለ፣ አንተ የለህ።»

«ሰመራ ነን፣ አክስቴ።»

«ሰመራ? ማን ፈቅዶ?»

«እኔ ፈርሜያለሁ።»

«ለምን?»

አቤሴሎም ሰሌዳውን በዓይነ ኅሊናው አየ፤ አራቱንም ሳጥን ፈተሸ፤ ምንም አላገኘም። በሰው መሐል እየተሹለከለከ ወደ ገብሩ ሄደና ስልኩን አቀበለው። «ጋሽ ገብሩ፣ እባክህ አንተ አስረዳት። ምክንያቱን ብቻ ንገራት።»

መድረኩ ላይ «ኮከብ ገብሩ» ተባለ። ባይሽ እልልታዋን ለቀቀችው። ገብሩ ቆመ፤ ስልኩን በጆሮው እንደያዘ ልጁ ነጭ ልብሷን ለብሳ ደረጃውን ስትወጣ አያት።

«ገብሩ» አለች ወይዘሮ አስረሳች፣ «ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል። አንድ ቃል ብቻ ንገረኝ። ምን አጋጠመህ?»

«አላስረዳም» አለ አንድ ነገር ሁለቴ የማይናገረው ገብሩ፤ ስልኩንም ለአቤሴሎም መለሰለት።